ወገብ ይመሰክራል

እንቅልፍ በዓይኑ ካልዞረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ወይም ዞሮ ከሆነ እሱ አላወቀውም፣ ምክንያቱም የሚሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፣ ግድግዳው ጥቁር፣ ጣሪያው ጥቁር፣ ወለሉ ላይ የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣር እንኳን በዚያ ድንግዝግዝ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ማን ይመሰክርለታል? እሑድ ነው፣ እኩለ ቀን፣ ውጪ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማሠልጠኛው ዝግ ነው፣ ቁልፍ ስላለው ገባ። ማንም ና አላለውም። ቤቱ ቢቀመጥ ስልኩ ሐሙስ የተላከለትን ቪዲዮ ያስታውሰዋል፣ ቪዲዮው አባቱን፣ ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ ሳያስበው ጫማውን አጥልቆ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ፣ እዚህ ወንበር ላይ ራሱን አገኘው። አሁን ከፊቱ ሁለት ስክሪን አለ። በግራው አባቱ አለ። በቀኙም ያለው አባትህ ነው ብለውታል ከአገር ቤት። ማወቅ የሚፈልገው እሱን ብቻ ነው፣ በቀኝ ያለው አባቱ መሆኑን ወይም አለመሆኑን፤ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈራ ደግሞ ያውቃል።

ሥራውን ለሰው ሲያስረዳ ቀልድ ይመስልበታል። እናቱ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ «ነጥብ እለቅማለሁ እማዬ» ቢላት፣ «ለቀማ ከሆነማ እዚሁ ምስሬን ትለቅምልኝ አልነበር!» ብላ ሳቀችበት። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎልፍ መማር የሚፈልግ ሰው ይመጣል፣ ለምሳሌ ያ ጥርስ ሐኪም፣ ኳሷን መንጋጋ እንደሚነቅል ሰው እየታገለ የሚመታት፤ ሰውነቱ ላይ ልጥፍ የሚል ጥቁር ልብስ ያለብሱታል፣ ከዚያ ሽምብራ የሚያካክሉ ሠላሳ ዘጠኝ የሚያንጸባርቁ ድብልብል ነገሮች ትከሻው ላይ፣ ክርኑ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ፣ መምቻው ላይ ሳይቀር ይለጠፉበታል። ዙሪያውን ዐሥራ ሁለት ካሜራ አለ። ካሜራዎቹ ሰውየውን አያዩትም፣ ፊቱንም ቦርጩንም አያዩም፣ የሚያዩት የተለጠፉበትን ሽምብራዎች ብቻ ነው። ጥርስ ሐኪሙ መምቻውን ሰቅሎ ኳሷን ወደ መረቡ ሲልካት፣ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው ጨለማ ውስጥ የሚርመሰመስ የነጥብ መንጋ ነው፤ እሱ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን በስሟ ይጠራል፣ አንተ የግራ ክርን ነህ፣ አንተ የቀኝ ጉልበት፣ አንተስ ማነህ? እጅ ደረት ላይ ሲያልፍ አንዳንዷ ነጥብ ትሸፈንና ትጠፋለች። ይሄን ክፍተት ይሉታል፣ ክፍተት መሙላት የሱ ድርሻ ነው። ነጥቧ መጨረሻ ከታየችበት ተነስቶ እንደገና እስከምትታይበት ድረስ ለስላሳ መስመር ያሰምራል፣ በመሃል ምንም እንዳልተፈጠረ። ብዙ ጊዜም ልክ ነው፤ ክርን በግማሽ ሴኮንድ ውስጥ የት ይሄዳል?

ነጥቦቹ ስም ካገኙ በኋላ በመስመር ይያያዛሉ፣ ከጨለማው ውስጥም ፊት የሌለው፣ ሥጋ የሌለው፣ መምቻ የያዘ ሰው ይቆማል። የሥራ ባልደረቦቹ ለዚህ ነገር አንድ ጨዋ ስም አላቸው። እሱ ግን በሆዱ፣ በራሱ ቋንቋ፣ አጽም ይለዋል፤ የመጀመሪያ ቀን ለቀልድ ነበር ያለው፣ አሁን ቀልዱ ወዴት እንደሄደ እንጃ። አሠልጣኙ የጥርስ ሐኪሙን አጽም በነጭ ያወጣና የአንድ ሻምፒዮን አጽም በግራጫ ይደርብበታል፤ ግራጫውን ጥላ ይሉታል። «ጥላው ውስጥ ግባ» ይላል አሠልጣኙ፣ «ሲሰቅል ስቀል፣ ሲዞር ዙር።» ጥርስ ሐኪሙ በላብ ተጠምቆ የማያውቀው ሰው አጥንት ውስጥ ለመግባት ይታገላል። እጁ ይገባል፣ ሌላው አይገባም። ከታች አራት መስመሮች አሉ፣ የወገብ፣ የደረት፣ የክንድና የመምቻ፤ እየወጡ ይወርዳሉ፣ በደህና መቺ ዘንድ እንደ ጨዋ ቤተሰብ በዕድሜ ተራ ነው የሚገቡት፣ ወገብ ታላቅ ነውና ይቀድማል፣ መምቻ መጨረሻ ይመጣል። የጥርስ ሐኪሙ ሁልጊዜ ክንዱ ይቀድማል። «እጅ ያስመስላል፣ ወገብ ይመሰክራል» ይላል አሠልጣኙ፤ ለሁሉም ተማሪ ነው የሚለው፣ እሱም ከመስማት ብዛት ሰልችቶት ነበር።

አባቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መምቻ ተሸክሞ ነው ያረጀው። ጎልፍ ሜዳ ላይ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከተጫዋቹ ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ የተፈለገውን መምቻ መዝዞ ያቀብላል፣ ኳሷ የገባችበትን ሣር ይዳብሳል፤ ራሱ ግን አንድ ቀን መትቶ አያውቅም፣ አይፈቀድማ። ከሥራው የሚከብደው ምንድን ነው ሲሉት ቦርሳው አይልም፣ «ዝም ማለቱ ነው» ይላል። ተጫዋቹ መምቻውን ወደ ኋላ ሰቅሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተሸካሚ አይንቀሳቀስም፣ አያስልም፣ ጥላው እንኳን ሣሩ ላይ አይወዛወዝም፤ ኳሷ እስክትመታ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሌላ ሰው ጫፍ ላይ ትንፋሹን ያዘ ማለት ነው። ከሥራ ሲገባ ግቢው ውስጥ ከዘራውን ይገለብጥና ቆርኪ ይመታል። አንዲት ኳስ ኪሱ ከትቶ ቢመጣ ማን ይጠይቀው ነበር፣ እሱ ግን የሰው ነገር አይነካም፣ ቆርኪ ይበቃዋል፤ ቆርኪዋ ሄዳ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ቃ! ትላለች። ሰፈሩ ቆርኪ መቺው ይለዋል። ያቺ ነገርም አለች፤ ከዘራውን ሰቅሎ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ለአፍታ፣ የሚመታው እሱ ራሱ መሆኑን የረሳ ይመስል ለራሱም ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ ወገቡ ይዞራል፣ ደረቱ ይከተላል፣ እጁ መጨረሻ ይመጣል። ማንም አላስተማረውም።

የግራው ስክሪን ላይ ያለው ይሄ ነው፣ የዛሬ ሰባት ወር የተላከ። አዲስ ፕሮግራም መጥቶ ነበር፣ ያለ ጥቁሩ ልብስ፣ ያለ ሽምብራው፣ ከተራ የስልክ ቪዲዮ ነጥብ የሚያወጣ፣ ብዙም ባይጠራ ይሆናል የሚባል፤ ለመሞከር ብሎ ታናሽ ወንድሙን «አባዬ ሲመታ ቅረጽልኝ» አለው። ደረሰው። አባቱ በነጠላ ጫማ፣ በሸሚዝ፣ ቆርኪዋን መትቶ፣ ዞሮ ወደ ስልኩ አየና «ታየሁ?» አለ። አሠልጣኙ በትከሻው በኩል አጎንብሶ አጽሙን ያያል።

«ይሄ ማነው?»

«አባቴ ነው።»

«የት ነው የተጫወተው?»

«አልተጫወተም። ቦርሳ ተሸካሚ ነበር።»

አሠልጣኙ ደጋግሞ አየው፣ አራቱን መስመሮች በጣቱ ተከተለ። «ማህደር ውስጥ እናስገባው፣ ጥላ ይሆናል» አለ። «ግን አንድ አይበቃም፣ ሌላ ቀን የመታው ሁለተኛ አስመጣልኝ።» ያን ቀን ከሥራ ሲወጣ በደስታ መንገዱን ስቶ ነበር። ለአባቱ ደወለለት። «አባዬ፣ እዚህ ትላልቅ ሰዎች ያንተ ጥላ ውስጥ እየገቡ ሊማሩ ነው!» አባቱ እስኪያስለው ሳቀ፤ «ጥላህ እንኳን አይወዛወዝ ተብዬ የኖርኩ ሰውዬ!» አለ። ሁለተኛውን መቼ እንደሚያነሱ ደውዬ እነግርሃለሁ አለው። አልደወለም። ዛሬ ነገ ሲል፣ ያው ሥራ፣ ያው ድካም፣ ያው ሰበብ፤ ሰበብ መቼ አጥቶ ያውቃል።

ከዚያ ያ ስልክ አለ። የዛሬ አራት ወር፣ የሥራ ቀን ነው፣ የጥርስ ሐኪሙን ክፍተት እየሞላ ነው፣ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይንዘፈዘፋል፣ አባዬ ይላል። አባቱ ራሱ ደውሎ አያውቅም፣ ደወለ፣ እሱም ስልኩን ይገለብጠዋል። ገለበጠው እኮ! በሆዱ እንደ ሕፃን አስተኛው። ማታ እደውልለታለሁ አለ፣ ማታ ደከመው፣ በነጋታው ረሳ፣ በሦስተኛው ቀን ሲደውል እናቱ አነሳችና «ጉንፋን ይዞት ተኝቷል» አለችው። መጨረሻ ከታየበት እንደገና እስከሚታይ ለስላሳ መስመር አሰመረ፣ በመሃል ምንም እንዳልተፈጠረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ጉንፋኑ ጉሮሮ ሆነ። በሚቀጥለው ወር ጉሮሮው «ሐኪም እንዳይናገር ከልክሎታል» ሆነ። «ይስማኝ ብቻ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጉለት» ይላል እሱ፤ እናቱ «እሺ» ትላለች፣ አንድ ነገር ይንኮሻኮሻል፣ እሱ ይናገራል፣ ስለ ሥራው፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ከዚያ ወገን ትንፋሽ ይሰማል። የማን ትንፋሽ? ያኔ አልጠየቀም። እናቱ ደግሞ አዲስ አመል አመጣች፣ በየስልኩ መሃል ላይ «አጠገብህ ሰው አለ?» ትላለች። «ምን ሰው?» «አብሮህ የሚሆን፣ ጓደኛ፣ ጎረቤት። ስሙንና ስልኩን ስጠን፣ ለሁሉም ነገር ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው።» «ማንንም አልፈልግም እማዬ፣ ደህና ነኝ።» ወንድሙም ይጠይቃል፣ አክስቱም አንድ ቀን ደውላ ጠየቀች፣ «የምታምነው አንድ ሰው የለህም? አንድ እንኳን?» ሳቀባት። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም አላት። እውነቱን ነው፣ እዚህ አገር ስድስት ዓመቱ ነው፣ የጎረቤቱን ፊት ከበሩ ቀዳዳ ካልሆነ አያውቀውም። ሥራ ሲቀጠር አንድ ቅጽ ሰጥተውት ነበር፣ ድንገት አንድ ነገር ብትሆን የምንጠራው ሰው ስምና ስልክ ይላል። ግማሽ ሰዓት አሰበና የራሱን ስም፣ የራሱን ስልክ ጻፈ። ማንም አላስተዋለም፤ እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ እሱ አንድ ነገር ቢሆን ለሱ ሊደውሉለት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት አሠልጣኙ «የአባትህ ሁለተኛው ቪዲዮ የት ደረሰ?» አለው። ደወለ። ስልኩን ያነሳው ታናሽ ወንድሙ ነው፣ ካርቦን። ካርቦን ያሉት የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ማንንም ካየ ይቀዳል፤ ዲሬክተሩን፣ የሚያነክሰውን ዘበኛ፣ ስታዛጋ አፏን በመስቀል የምታማትበውን ጎረቤት፣ ሬሳ እንኳን ያስቃል ይሉት ነበር። «አባዬ እንኳን ሊመታ ከአልጋም…» ብሎ ጀመረና ካርቦን ሳይጨርሰው ተወው። እሱ ግን ችክ አለ። ችክ ማለቱን አሁን ሲያስበው ፊቱ ይግላል። «አንዴ ብቻ ይምታልኝ፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ እኔን ከወደደኝ አንዴ!» ብሎ ነበር፣ እንደዚያ ብሎ ነበር። ካርቦን «እሺ ወንድም ጋሼ፣ እነግረዋለሁ» አለው።

ሐሙስ ዕለት መጣ። ዐሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። ያው ግቢ፣ ያው ቆርቆሮ አጥር፣ ሊመሽ ሲል። የአባቱ ካፖርት፣ የአባቱ ኮፍያ እስከ ጆሮው የወረደ፣ የአባቱ ከዘራ፤ ከጀርባ ነው የተቀረጸው። ጫማው አዲስ የተቀባ ነው፣ ያበራል። ከዘራውን ይሰቅላል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ያቺን አፍታ፣ ያቺኑ ራሷን፣ ከዚያ ይመታል፣ ቃ! ከዚያ ሳይዞር ወደ ቤት ይገባል። አየውና መጀመሪያ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ተመስገን አለ፣ አባቱ ከአልጋው ተነሳ፣ ቆሞ ሄደ። ደግሞ አየው። ለምን እንደሆነ አላወቀም፣ ልቡ ብቻ ጠረጠረ፣ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን አደረ፣ ዓርብ ሥራ ገባ፣ አሠልጣኙ የቀላ ዓይኑን አይቶ «ቤት ሰላም ነው?» አለው። «ሰላም ነው» አለ። ቪዲዮው መጣ አላለም። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ነበር፣ ሌላ ነገር ቢናገር የሚሰማ ሰው አቋቋም፣ ከዚያ ሄደ።

አሁን የቀኙን ቪዲዮ ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገባል። መቁጠሪያው ይሄዳል፣ ዐሥር በመቶ፣ ሃያ በመቶ፣ አይቸኩልም። ከኋላው ያሉት ካሜራዎች እንደ ልማዳቸው ባዶውን ክፍል ያያሉ፣ ሲገባ ሳያስበው ነው ያበራቸው፤ ከሁለቱ ስክሪኖች ሥር ባለችው የካሜራዎቹ ትንሽ ስክሪን ላይ ባዶው ክፍል ጨለማ ነው፣ ከአንዲት ነጥብ በቀር። እንዲህ ያለች ነጥብ አዲስ ነገር አይደለችም፣ የዚፕ ጥርስ፣ የሰዓት መስታወት፣ የተረሳች ሽምብራ ብርሃን ትመልሳለች፣ ቦታዋን ፈልጎ መሸፈን ነው። ተነስቶ ፈለገ። ነጥቧ ያለችው ሣሩ መሃል ላይ ነው፣ የሚመታ ሰው በሚቆምበት፣ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ከፍ ብላ፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ትከሻ የሚደርስበት ላይ። ሄዶ እዚያው ቆመ፣ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰ፣ አየር ነው። ወደ ስክሪኑ ዞሮ ሲያይ ነጥቧ እጁ ሥር አለች፣ በጣም በዝግታ ከፍ ዝቅ ትላለች፣ እንደሚተነፍስ ሰው። ዘወር ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የማያየው ነገር የለም አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ድምፁ ጥቁሩ ግድግዳ ውስጥ ሰመጠ። ነጥቧን አላጠፋትም። ማጥፋት ነበረበት፣ ሥራው ነው፣ አላጠፋትም።

የቀኙ አጽም ቆመ። ካፖርቱ የለም፣ ኮፍያው የለም፣ አጥንቱ ብቻ። አስጀመረው። ከዘራው ተሰቀለ፣ ጫፍ ላይ ቆመ፣ እና መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እጁ ነው። አራቱን መስመሮች አወጣ። ክንድ ቀድሟል። ወገብ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል፣ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ እያመነታ። አይ፣ አለ፣ ታሟል እኮ፣ አራት ወር የተኛ ሽማግሌ ወገቡ ቢደክም ምን ይገርማል፣ በሽተኛ ሰው በእጁ ነው የሚታገለው፣ ልክ ነው፣ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፤ ለስላሳ መስመር። ከዚያ የአጥንት ልኬቱን ከፈተ። ፕሮግራሙ ሜትር አያውቅም፣ አንዱ አጥንት የሌላው ስንት እጅ እንደሆነ ግን ይነግራል፣ ጭን ከቅልጥም፣ የላይኛው ክንድ ከታችኛው ክንድ። የግራውን አየ። የቀኙን አየ። የቀኙ ቅልጥም ይረዝማል። ደግሞ አስቆጠረው፣ ሦስተኛም አስቆጠረው። ቅልጥሙ ይረዝማል፣ ክንዱም። በሽታ ሥጋ ይቀንሳል እንጂ አጥንት አያስረዝምም።

ካርቦን ልጅ እያለ ጭልፋ ይዞ ግቢው መሃል ይቆማል፣ የአባቱን ኮፍያ እስከ አፍንጫው ደፍቶ፤ ጭልፋውን ይሰቅላል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ይይዛል፣ እናታቸው ሳቅ አፍኗት በር ትደገፋለች፣ አባታቸውም ይስቃል፣ እንባውን እየጠረገ፣ «እጄንስ አግኝተኸዋል፣ ሌላውን ስታረጅ ታገኘዋለህ» ይላል። ይላል፣ አለ፣ ብሎ ነበር። ሁለቱንም አጽም ጎን ለጎን ያጫውታቸዋል፣ አባትና ልጅ፣ አንዱ ሌላው ውስጥ ለመግባት ይታገላል፣ እጁ ገብቷል፣ ሌላው አልገባም። ይሄ ቪዲዮ ሲቀረጽ ካርቦን ስንት ጊዜ ሞክሮ ይሆን? ስልኩን የያዘለት ማነው? እናቱ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል፤ እናቱ የባሏን ካፖርት ለብሶ የባሏን አፍታ የሚቆም ልጇን በስልክ እያየች፣ እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ዐሥራ አንድ ሴኮንድ። የፈሩት ይደርሳል አለ።

ስልኩን አነሳ። እዚያ አሁን ሊመሽ ነው።

«ሃሎ! ወንድም ጋሼ! ደህና ነህ? ምነው በዚህ ሰዓት፣ ሥራ የለም እንዴ?» ካርቦን ነው፣ ድምፁ እንደ ሁልጊዜው ደስ ደስ ይለዋል፣ ደስ ደስ የሚለውን ሰው እየቀዳ።

«እሑድ አይደል። አባዬስ?»

«ደህና ነው፣ አሁን ገና ጋደም አለ። ቪዲዮው ደረሰህ አይደል? አየኸው እንዴት እንዳሳረፋት? አሞኛል ምናምን ይላል እንጂ ገና ጎረምሳ ነው!»

«አየሁት።»

«እና ሰዎቹ ምን አሉ? ጥላ ሆነ?»

ግራው ስክሪን ላይ የአባቱ አጽም ይመታል፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ደግሞ ከዘራውን ያነሳል፤ እሱ ነው እንዲደጋገም ያዘዘው፣ ማስቆም አቃተው።

«ካርቦን» አለው።

«አቤት።»

«ወገብህን አስቀድም። አባዬ ከወገቡ ነው የሚጀምረው።»

ከዚያ ወገን ትንፋሽ ተሰማ፣ ያቺ ትንፋሽ፣ እነዚያን ሁሉ ወራት ስለ ጥርስ ሐኪሙና ስለ አውቶቡሱ የነገራት። ትንፋሿ ተሰበረችና ታናሽ ወንድሙ እንደ ሕፃን እሪ አለ፣ በራሱ ድምፅ፤ ካርቦን የማንንም ሳይቀዳ ሲያለቅስ የሰማው ያኔ ነው።

«በስልክ እንዴት ይነገርሃል?» ይላል ካርቦን በለቅሶው መሃል። «ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል፣ ወድቆ ቢቀርስ አሉ! የምንደውልለት ሰው አጣን እኮ፣ አንድ ሰው ስጠን አልንህ፣ አንድ ሰው! ሰው ብናገኝ በማግስቱ ቤትህ ድረስ ሄዶ ይነግርህ ነበር።»

«መቼ ነው?»

«አራት ወሩ።»

«የደወለልኝ ቀን?»

«በማግስቱ። ጠዋት ነው፣ ሳይታመም፣ ቁጭ ባለበት።»

«ምን ሊለኝ ነበር የደወለው?»

«ምንም። ሁለተኛውን መቼ እናንሳ ሊልህ ነው። ያኛው በነጠላ ጫማ ነው የተነሳው፣ ትላልቅ ሰዎች ፊት በነጠላ ጫማ ታየሁ ብሎ አፍሮ ነበር። ጫማውን ራሱ ቀብቶ አልጋው ሥር አስቀምጦት ነበር… ለዚያ ነው ያደረግሁት።»

ያ የሚያበራ ጫማ። ለስላሳው መስመር ሥር የነበረው ይሄ ነው፣ ከጥሪው እስከ ጥሪው፣ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባል። እሱም ስልኩን ገለበጠው። አሁን እንባው መጣ፣ ሲመጣም ከአንጀት ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ አባዬ፣ አባዬ እያለ፤ ግድግዳው ዋጠው፣ ደግሞ አለ፣ ግድግዳው ደግሞ ዋጠው። ስልኩ ውስጥ እዚያም ያለቅሳሉ፣ ኮቴ ይሰማል፣ ካርቦን «አወቀ፣ እማዬ፣ አወቀ» ይላል፣ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

እናቱ አላለቀሰችም፣ ወይ ለአራት ወር አልቅሳ ጨርሳለች፣ ወይ ለሱ ብላ ውጣዋለች። ድምፁ እስኪበርድ ጠበቀችው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄዋን ጠየቀችው፣ በዝግታ፣ እንደሚፈራ ሰው።

«ልጄ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

ቀና አለ። በታችኛዋ ትንሽ ስክሪን ባዶው ክፍል ውስጥ ያቺ ነጥብ ቦታዋ ላይ ነች፤ ከፍ ዝቅ ማለቷን ትታለች። በግራው አባቱ ከዘራውን ሰቅሎ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«አለ እማዬ» አላት፣ ሹክ ብሎ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ሳይንቀሳቀስ፣ ሳይተነፍስ፣ አባቱ እስኪመታ ጠበቀ።